ካሜራው ወደ ሽማግሌው ሲዞር



ወደ ስሜን ተራሮች የሚመጣ ካሜራ ሁሉ መንገዱ አንድ ነው። ደባርቅ ያድራል፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ይቀበላል፣ ስካውትና በቅሎ ይዞ ወደ ሳንቃበር ይወጣል። የሚፈልገው ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሠራጨው «ፕላኔት ኧርዝ» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም ስለ ተራሮች በሚተርክበት ክፍል የስሜንን ጭላዳዎች ለዓለም አሳይቷል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነውና ክብሩ ይገባዋል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ካሜራው ሥራውን ጨርሶ ወደ ጎንደር ሲመለስ ከአስፋልቱ ዳር ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ የሚሞቀውን ሽማግሌ አልፎት መሄዱ ነው። አልፎት የሚሄደው የውጭ አገሩ ካሜራ ብቻ አይደለም። የእኛም ካሜራ እንደዚያው ያልፈዋል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሽማግሌ ነው፤ ይልቁንም ስለ እርሱ ሊሠራ ስለሚገባው ፊልም።

በዓለም ሲኒማ ውስጥ አንድ ጸጥ ያለ የፊልም ዓይነት አለ። ዋና ሰውየው ያረጀ ነው፤ ብቻውን ይኖራል፤ የሚኖረውም ብዙ ጊዜ ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ነው። ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ። ታሪኩን ለጎረቤታችሁ ንገሩ ብትባሉ ቡናው ሳይፈላ ትጨርሱታላችሁ። ሆኖም ሰው እንዲህ ያለውን ፊልም አይቶ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ይህ ዓይነቱ ፊልም ከየትም በላይ እዚህ ሊሠራ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴም ይሉኝታ ነው። የብቸኛ ሽማግሌ ታሪክ ሰውየው በሚያደርገው ነገር አይቆምም፤ የሚቆመው ሰው እንዳያይበት በሚሸሽገው ነገር ላይ ነው። መራቡን፣ መታመሙን፣ የሚጠይቀው ሰው መናፈቁን ይሸሽጋል። ይህን የሚረዳ ተመልካች ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ ሞልቷል።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንመልከት። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1952 «ኡምቤርቶ ዲ» የሚባል ፊልም አወጣ፤ የጻፈለት ቼዛሬ ዛቫቲኒ ነው። ቦታው ሮም ስለሆነ ትንሽ ከተማ አይባልም፤ ብቸኝነቱ ግን ያው ነው። ኡምቤርቶ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጡረታው ለቤት ኪራይ አይበቃውም፣ አከራይቱ ልታስወጣው ትፈልጋለች፣ ያለው ወዳጅ አንድ ትንሽ ውሻ ነው። ይህን ሰው ሆኖ የሠራው ካርሎ ባቲስቲ ተዋናይ አልነበረም፤ የቋንቋ ጥናት ፕሮፌሰር ነበር። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም።

ኡምቤርቶ ቸግሮት ሊለምን ወሰነ። አደባባይ ላይ ቆሞ እጁን ቀስ አድርጎ ዘረጋ። አንድ አላፊ ሰው አይቶት ከኪሱ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል፣ ሽማግሌው ያን የተዘረጋ መዳፍ ገልበጥ አደረገው፤ ዝናብ ያካፋ እንደሆነ የሚያይ መሰለ። ሰውየው ገንዘቡን ይዞ አለፈ። ቀጥሎ ኡምቤርቶ ባርኔጣውን ለውሻው በአፉ አስያዘና ራሱ ከአምድ ጀርባ ተደበቀ። የሚያውቀው ሰው ብቅ ሲል ደግሞ ወጥቶ ውሻው የሚጫወት አስመሰለ።

ከዚህ ሁሉ አንዳችም የሚያለቅስ ሰው አላየንም።  ያየነው አንድ እጅ ሲገለበጥ ነው። የሮም ሰው ይህን አይቶ ምን እንደተሰማው አላውቅም፤ የደባርቅ ሰው ቢያየው ግን ማን ትዝ እንደሚለው አውቃለሁ። እህል ሲያልቅበት ባዶ ከረጢቱን ይዞ ወደ ወፍጮ ቤት የሚወጣውን፣ ጎረቤት «ደህና አደሩ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ሙሉ ነው» የሚለውን ሰው ነው።

«እዚህ ሰው ብቻውን አይተውም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ዕድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው ራሱ ይወቀሳል። ይህን ሀብት የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ዕድር ደርሶ የሚያየን በሞታችን ነው። ሰንበቴው በየተራው ነው። ማክሰኞ ማታ፣ ከብርዱ የተነሣ መንገዱ በጊዜ ጭር ሲል፣ ከጉሙ በታች ባለው ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ምን እያደረገ ነው? ፊልም የሚገባበት ሰዓት ይህ ነው።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ደግሞ በዝተዋል። ልጆች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ዓረብ አገር ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ገደማ የግጭ ነዋሪዎች ፓርኩ ውስጥ ካለው መንደራቸው ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስሜን ለ21 ዓመት ከቆየበት አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ለዋልያው መልካም ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ በደጋው ገብስ ሲያርስና በግ ሲያሰማራ የኖረ አዛውንት በሰባ ዓመቱ የከተማ ሰው ሁን ሲባል ጠዋት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ በዚያ መዝገብ ላይ አይጻፍም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጅ ሊቀብረው ይገባ የነበረ አባት ልጁን ቀብሮ ቀርቷል። ስለዚህ ብዙ መናገር የእናንተን ቁስል መነካካት ስለሆነ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

የእኛ ጥበብ ለብቸኛ ሰው ባዕድ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሣን ሰጥተውናል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ካሣን ወዳጁ አድርጎታል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ከበበን አመጣልን። ፊልሙ የተቀረጸው ዘውዱ በወደቀበት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ከበበ መሬቱን የተነጠቀ፣ እንደ እብድ የሚቆጠር፣ በመንደሩ ውስጥ እውነቱን ጮኾ የሚናገር ብቸኛ ሰው ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ለብቻቸው የቆሙት የሚናገሩት ነገር ስላላቸው ነው። በእኛ ታሪክ ውስጥ ብቸኛ ሰው ነቢይ ወይም እብድ መሆን አለበት። ምንም የተለየ ሐሳብ የሌለው፣ ሚስቱ የሞተችበትና ልጆቹ የራቁበት ተራ ሽማግሌ ግን ለራሱ ሲባል ታሪክ አልተሰጠውም። በአብዛኛው የአማርኛ ፊልም ሽማግሌ የሚመጣው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነጭ ለብሶ ልጅ ሊጠይቅ ነው። ይመርቃል፣ ይወጣል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ካሜራው አይከተለውም።

ወደምፈልገው በጣም የቀረበው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ዋና ሽልማት ወሰደ። አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱን አይቶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ጣና ዳር መንደሩ ይመለሳል። ዕድሜው ገና ነው፤ ያረጀው በመከራ ነው። መንደርተኛው «የተማረው ልጃችን ምን ይዞልን መጣ?» ይላል፤ እርሱ ግን የራሱን ትዝታ እንኳ መልሶ መሰብሰብ አቅቶታል። ወጣቶቹ ከደርግ ውትድርና ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ከፊልሙ ሁሉ የምመርጠው እናቱ ያለችበትን ክፍል ነው። እናትየዋ ታሪክ አታስረዳም፤ ልጇ አጠገቧ ነው፣ የሆነውን ሁሉ ግን ልትነካው አትችልም። ሰው ቤተሰቡ መካከል ተቀምጦ እንዴት ብቻውን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ያሳየ የአገራችን ፊልም አላውቅም። ያም ሆኖ «ጤዛ» የአንድ ትውልድ ፊልም ነው፤ አንበርብር ትከሻው ላይ የተሸከመው የአገር ታሪክ ነው። እኔ የምለምነው ትከሻው ላይ ጋቢው ብቻ ያለ ሰው ነው።

ዝግ ያለ ፊልም በእኛ አገር አይሆንም የሚል ካለ፣ ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ልጅና አንዲት በግ ይዞ የሠራው ፊልም በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ያውም በአማርኛ።

አሁን ስለ አሜሪካ ሁለት ፊልሞች ባጭሩ ልናገር። የመጀመሪያው ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው «ዘ ስትሬይት ስቶሪ» ነው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው፤ አልቪን ስትሬይት የተባለ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ1994 ወንድሙ እንደታመመ ሰማ። ተኳርፈዋል። መኪና መንዳት ስለማይችል በሣር ማጨጃ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ 386 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ከጎንደር ተነሥቶ በሊማሊሞ አድርጎ አክሱም የሚያደርስ መንገድ ማለት ነው። አልቪንን ሆኖ የሠራው ሪቻርድ ፋርንስወርዝ በቀረጻው ጊዜ በካንሰር ይሠቃይ ነበር፤ በ79 ዓመቱ ለኦስካር ታጨ። መጨረሻ ላይ ወንድማማቾቹ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የሚለዋወጡት ቃል ጥቂት ነው። ዕርቅን እንደ እኛ ሰው ማን ያውቀዋል? ቂም ይዞ መሞትን የሚፈራ ሕዝብ መካከል ይህ ፊልም አለመሠራቱ ይገርመኛል።

በዚያ ፊልም ወንድሙን ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ የታየው ሃሪ ዲን ስታንተን ነው። ይኸው ሰው ከ18 ዓመት በኋላ «ላኪ» በሚባለው ፊልም ዋናው ሆነ። ላኪ በበረሃ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የሚኖር የዘጠና ዓመት ብቸኛ ሰው ነው። በየጠዋቱ ሰውነቱን ያፍታታል፣ ሲጋራውን ያጨሳል፣ ወደ አንዱ ቡና ቤት ሄዶ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ይሞላል፣ ከሰው ይከራከራል። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ወደቀ። ሐኪሙ መርምሮ በሽታ አላገኘበትም፤ አርጅተሃል አለው፣ በቃ። ፊልሙ ከዚያ በኋላ የሚያሳየን ይህን የሰማ ሰው በዚያችው ከተማ፣ በዚያው መንገድ ሲመላለስ ነው። አንዲት የሜክሲኮ ተወላጅ ለልጇ ልደት ጠርታው ሳለ፣ ሳይታሰብ በስፓኒሽ መዝፈን ይጀምራል፤ ሙዚቀኞቹ ይከተሉታል፤ ግብዣው ሁሉ ጸጥ ይላል። ክርስትና ቤት የተጠራ ዝምተኛ ሽማግሌ ድንገት ተነሥቶ ሲያቅራራ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እርሱ ነው። ስታንተን ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2017 በ91 ዓመቱ ዐረፈ።

እኔ ፊልሙን እዚህ ደባርቅ ብሠራው ሽማግሌውን ጡረታ የወጣ የፓርክ ስካውት አደርገዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ይዞ በገደል አፋፍ ሄዷል፤ ቱሪስት መርቷል፤ በሌሊት ብርድ ከድንኳን ውጭ ተቀምጦ ጠብቋል። መሣሪያውን መልሶ ካስረከበ በኋላም ትከሻው እንደተዘነበለ ነው። ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው አውቶቡስ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ የሚሄድበት ሳይኖረው ይነሣል።

ከዚያ ቡና ያፈላል። እዚህ ላይ ካሜራው ሳይቸኩል እንዲቆይ እፈልጋለሁ። በዚህ አገር አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ቡና ቆልቶ ሲያፈላ ቢታይ የሚያሳፍረው ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በሩን ይዘጋዋል። ምጣዱን ይጥዳል፤ ፍሬው እንዳይሰማ ቀስ አድርጎ ያምሳል። ሙቀጫውን መሬት ላይ አያስቀምጠውም፤ ድምፁ ግድግዳ ያልፋልና ታጥፎ በተቀመጠ አሮጌ ጋቢ ላይ ያደርገዋል። ሁሉን እንዲህ ተጠንቅቆ ሳለ የረሳው ጢሱን ነው። የተቆላው ቡና ሽታ በጣሪያው ቀዳዳ ወጥቶ ጎረቤት ገባ። ጎረቤቲቱ ሸተታት። ገባት። ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ጠዋት፣ አውቶቡሱ ገና ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ትንሿን ልጇን ላከቻት፤ «አያ፣ እማዬ ቡና ደርሷል ኑ ብላለች» ትላለች ልጅቱ። እርሱም «አልጠጣም፣ ጨጓራ ይነካኛል» ይላል። ከዚያ ከዘራውን ያነሣል።

ፊልሙ ይህ ነው። ዴ ሲካም በ«ኡምቤርቶ ዲ» ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ ጠዋት ተነሥታ ወጥ ቤት ገብታ ጉንዳን በውኃ ስታባርር፣ ቡና ስትፈጭ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ በእግሯ ጫፍ በሩን ስትገፋ ረጅም ጊዜ ወስዶ አሳይቷል። የፊልም መምህራን ያን ወጥ ቤት እስከ ዛሬ እያስተማሩበት ነው። ቡናን በተመለከተ የእኛ ወጥ ቤት ከእነርሱ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ወንድሙን ደግሞ ዛሪማ አስቀምጠዋለሁ፤ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ። የተጣሉት በአባታቸው መሬት ድንበር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ የቀደደው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ሲኒማ ነው፤ ማንም ዳይሬክተር ገንዘብ ከፍሎ ሊሠራው የማይችል መድረክ በነፃ ተቀምጧል። ሽማግሌው በእግሩ ይውረድ፤ በየመታጠፊያው ይረፍ። ከላይ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ይለፉት።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ዓለም ስሜንን በዋልያ ሲያውቀን፣ አንተ የሽማግሌያችንን ቀዳዳ ጣሪያ ልታሳይ ነው? ገመናችንን ለምን ታወጣለህ?» የሚል። ይህን ቃል ዴ ሲካም ሰምቶታል። በኋላ ብዙ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጁሊዮ አንድሬዮቲ ያን ጊዜ የሲኒማ ጉዳይ በእጁ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ለዴ ሲካ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ፊልሙ የአገሪቱን ስም ይጎዳል ሲል ወቀሰው። ፊልሙም ያን ጊዜ ተመልካች አላገኘም። ዛሬ ጣሊያን የምትኮራበት ሥራ ነው። ዴ ሲካ ፊልሙን ያበረከተው ለአባቱ መታሰቢያ ነበር፤ አባቱም ኡምቤርቶ ይባሉ ነበር። ሰው የአባቱን ስም ሰጥቶ የሚሠራውን ሥራ ገመና ማውጣት ማለት አይቻልም።

ተቃውሞው ግን ቁም ነገር አለው፤ አልፌው አልሄድም። ሽማግሌን ሳያስፈቅዱ በስልክ ቀርጾ፣ የሚያሳዝን ዘፈን ከጀርባ አስገብቶ፣ ስሙንና ቤቱን እያሳዩ መለጠፍ በርክቷል። ያ በደል ነው። የችግረኛን ፊት ለሰው ማሳየትና ስለ ችግሩ ፊልም መሥራት ይለያያሉ፤ በመሐላቸው ያለው ፈቃድ፣ ጊዜና ጥንቃቄ ነው። በዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወጣቶች ካሜራ ከማንሣታችሁ በፊት ሂዱና ተቀመጡ። ሽማግሌው ወሬውን ሲጨርስ አትነሡ፤ ዝም ሲልም አብራችሁ ዝም በሉ። ተዋናይ ካጣችሁ ባቲስቲን አስቡ፤ ፊቱ ታሪክ ያለው ሰው በየሰንበቴው ተቀምጧል። ያነሣችሁትን መጀመሪያ ለእርሱ አሳዩት፤ «ይህን አውጣልኝ» ካለ ይውጣ።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ ፍጻሜው ነው። ሽማግሌውን አትግደሉት። በእኛ ፊልም አዛውንት ሲታመም መሞቱ የታወቀ ነው፤ ተመልካቹም መሐረቡን አውጥቶ ይጠብቃል። ኡምቤርቶ አልሞተም፤ ራሱን ሊያጠፋ ደርሶ ተመለሰና ከውሻው ጋር ሲጫወት ተውነው። አልቪን አልሞተም። ላኪም አልሞተም። ፊልሙ የሚያልቅበት ሰዓት ሲደርስ የእኛም ሰው ገና ያልጨረሰው ጉዳይ ይኑረው፤ ያልከፈለው የዕድር መዋጮ፣ ዝናብ ሳይገባ ሊደፍነው ያሰበው ጣሪያ፣ ከወንድሙ ጋር ግማሽ መንገድ ደርሶ የቆመ ክርክር። ሞተ ካላችሁን አልቅሰን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ጉዳይ ካለው ግን በማግስቱ በራሳችን ሰፈር በሩ የተዘጋውን ቤት እያየን ማን ይሆን እንላለን፤ አንዳንዳችንም ሄደን እናንኳኳለን።